የትኛዋ ጊኒ?

በ2024 ብሔራዊ ቡድናችን ከጊኒ ጋር ተጫወተ። ቆየት ብሎም ከጊኒ ጋር ተጫወተ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ነገሩ የመርከበኞች ታሪክ ስለሆነ በእኛ ላድርገው ብል እኔም እናንተም እንደክማለን።) ክረምቱ ሊገባ ሲል ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የገጠመችን ጊኒ ቢሳው ነበረች። ጥቅምት መግቢያ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሁለቴ ደራርባ ያሸነፈችን ደግሞ ዋና ከተማዋ ኮናክሪ የሆነችው ጊኒ። እኛ ሰፈር ካፌ ውስጥ «ከነዚህ ጋር በቀደም ተጫውተን የለ እንዴ?» ያለ ልጅ ተነሣና «የትኛዋ ጊኒ?» የሚለው ክርክር ከኳሱ በላይ ደመቀ። አንዱ ሁለት ናቸው አለ። ሌላው ኢኳቶሪያል ጊኒን ጨምሮ ሦስት አደረሳቸው። ጥግ ላይ ስልኩን ሲጎረጉር የነበረ ልጅ «ፓፑዋ ኒው ጊኒስ?» ሲል ሁሉም ተስፋ ቆረጠ። እሷማ ጭራሽ አፍሪካ ውስጥም አይደለችም። ከአውስትራሊያ በላይ፣ ፓስፊክ ላይ ናት።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ከትምህርቱ የተረፈኝ ትልቁ አመል ደግሞ የስም አመል ነው። አንድ ስም ከየት እንደመጣ ካላወቅሁ ያሳክከኛል። ስለዚህ የዚያን ቀን ማታ ጊኒን መቁጠር ጀመርኩ። አራት አገር ላይ የሚቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመም። ወፍ መጣ፣ አይጥ መሰል እንስሳ መጣ፣ የወርቅ ሳንቲም መጣ፣ የፈረስ ውድድር መጣ፣ ሣር መጣ፣ መጨረሻ ላይ ትል መጣ። ትሉ የእኛው አገር ትል ሆኖ ተገኘ። ወደሱ እመለሳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

በመጀመሪያ ግን ባሕሩ ዳር እንሂድ።

ጊኒ አገር ከመሆኗ በፊት የባሕር ዳርቻ ነበረች። ካርታውን አውጡትና ምዕራብ አፍሪካ ወደ ውስጥ የምትጎብጥበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ከሴኔጋል ጀምሮ በላይቤሪያ፣ በጋና፣ በናይጄሪያ በኩል ዞሮ እስከ ጋቦን የሚደርሰው ያ ረጅም ዳርቻ በሙሉ በአንድ ወቅት «ጊኒ» ይባል ነበር። ስሙን በዓለም ያዳረሱት ፖርቹጋሎች ናቸው። ዙራራ የሚባለው የቤተ መንግሥታቸው ታሪክ ጸሐፊ በ1453 የጨረሰው ዜና መዋዕል በርዕሱ ላይ ሳይቀር ጊኒ የሚል ስም አለበት። ቃሉ ራሱ ከየት መጣ ለሚለው የታሪክ ሰዎች እስካሁን አልተስማሙም። ብዙዎቹ የሚጠቅሱት ግን የሰሜን አፍሪካ በርበሮች ከበረሃው ወዲያ ማዶ ያሉትን ጥቁር ሰዎች ይጠሩበት የነበረውን ቃል ነው። ፖርቹጋሎቹ ከእነሱ ሰምተው ያዙት ማለት ነው።

አስቡት እስቲ። በዚያ ዳርቻ ላይ አካኖች አሉ፣ ዮሩባዎች አሉ፣ ፎኖች አሉ፣ ዎሎፎች አሉ። የየራሳቸው ቋንቋ፣ ንጉሥና ገበያ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። አንዳቸውም «እኔ የጊኒ ሰው ነኝ» ብሎ አያውቅም። ስሙ የተሰጠው ከመርከብ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው። ከመርከብ ላይ ሆኖ የሚታየው ደግሞ አንድ ረጅም አረንጓዴ መስመር ነው።

መስመሩ በጣም ረዘመባቸውና በኋላ ከፋፈሉት። እንዴት እንደከፋፈሉት ነው ጉዱ። የአሁኗ ላይቤሪያ አካባቢ የሚጫነው መለጌታ የሚባል ቅመም ነበርና በቅመሙ ፍሬ ስም «የፍሬ ዳርቻ» ተባለ። ቀጥሎ ያለው የዝሆን ጥርስ ስለሚጫንበት «የዝሆን ጥርስ ዳርቻ»። ቀጥሎ «የወርቅ ዳርቻ»። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ የዛሬዎቹ ቶጎና ቤኒን እስከ ምዕራብ ናይጄሪያ ድረስ፣ «የባሪያ ዳርቻ»። መርካቶ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ እንደሚጻፈው ማለት ነው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጨው፣ ሰው።

ስሞቹ እንደየዕድላቸው ኖሩ። የወርቅ ዳርቻ፣ ማለትም ጎልድ ኮስት፣ በ1957 ነፃ ስትወጣ ስሟን ጥላ ጋና ሆነች፤ የጥንት መንግሥት ስም ነው የመረጠችው። የዝሆን ጥርሷ ግን ስሙን ያዘችው፤ ያውም አጥብቃ። በ1985 መንግሥቷ «ስማችን በየቋንቋው አይተርጎም፣ በፈረንሳይኛው ኮት ዲቯር ተብሎ ይጠራ» ብሎ ለዓለም አሳወቀ። እኛ አገር የስፖርት ጋዜጠኞች አሁንም አይቮሪኮስት የሚሉ አሉ። «የባሪያ ዳርቻ» የሚለውን ለአገሩ ስም ያደረገ የለም፤ ማንስ ያደርገዋል?

«ጊኒ» የሚለውን ግን ሦስት የአፍሪካ አገሮች ወደው ያዙት። ቅኝ ገዢዎቹ ዳርቻውን ሲከፋፈሉ ለፈረንሳይም፣ ለፖርቹጋልም፣ ለስፔንም አንድ አንድ ጊኒ ደረሳቸው። የፈረንሳይዋ በ1958፣ የስፔኗ በ1968 ነፃ ወጡ፤ የፖርቹጋሏ በ1973 ነፃነቷን አውጃ በ1974 ፖርቹጋል ተቀበለቻት። አንዷም ስሙን አልጣለችም፤ ከኋላው ወይም ከፊቱ የምትለይበትን ቃል ቀጠለችበት እንጂ። ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ገባኝ። ሴኩ ቱሬን የሚያህል ሰው፣ በመስከረም 1958 ሕዝቡን ይዞ ለዴጎል «አይሆንም» ያለ ሰው፣ እንዴት የመርከበኞቹን ስም ይዞ ይቀጥላል? በኋላ ግን ወደ ራሴ ዞርኩ። እኔ ራሴስ ኢትዮጵያዊት አይደለሁ? ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ከሆነ «ኢትዮጵያ» ግሪኮች ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ለሚሏቸው ሰዎች ያወጡት ስም ነው። (አይደለም፣ ከኢትዮጲስ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወዳጅነታችን ይቀጥል።) እንዲያውም ልንገራችሁ፦ ያው የጊኒ ዳርቻ የተኛበት ባሕር፣ ማለትም ደቡብ አትላንቲክ፣ በድሮዎቹ የአውሮጳ ካርታዎች ላይ «የኢትዮጵያ ውቅያኖስ» ተብሎ ነው የሚገኘው። ባሕር በር አጣን እያልን ስንብሰለሰል ውቅያኖስ ነበረን ለካ! ለካርታ ሳዮቹ ጊኒም ኢትዮጵያም ያው «የጥቁሮች አገር» ማለት ነበርና አንዱን የብሱ ላይ አንዱን ውኃው ላይ ጻፉት።

ስለዚህ ስም ከውጭ መምጣቱ ብቻውን አያስቀይመኝም። ሰው የተሰጠውን ስም የራሱ ማድረግ ይችላል፤ አድርገነዋልም። የሚያስቀይመኝ ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት ሳንቲሙን ማንሣት ያስፈልጋል።

በ1663 በንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ዘመን እንግሊዝ አዲስ የወርቅ ሳንቲም ሠራች። ወርቁ ከዚያ ዳርቻ ስለመጣ ሕዝቡ ሳንቲሙን «ጊኒ» አለው። ወርቁን ያመጣው ንጉሣዊ ፈቃድ ያለው የአፍሪካ ንግድ ኩባንያ ነበርና ከንጉሡ ምስል በታች የኩባንያው ምልክት የሆነች ትንሽ ዝሆን ታተመች። በ1672 የተተካው ኩባንያ ደግሞ፣ በንጉሡ ወንድም መሪነት፣ በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ታሪክ ከማንኛውም ሌላ ነጠላ ድርጅት በላይ አፍሪካውያንን በመርከብ ያጋዘ ነው። አንዱ እጅ ወርቁን ያመጣል፣ ያው እጅ ሰውን ይወስዳል። በዚያ ንግድ በአጠቃላይ አትላንቲክን እንዲሻገሩ መርከብ ላይ የተጫኑት ሰዎች ከ12 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሳንቲሙ መጀመሪያ 20 ሽልንግ እንዲያወጣ ነበር የታሰበው። የወርቅ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ በ1717 በ21 ሽልንግ ተቆረጠ። በ1814 ለመጨረሻ ጊዜ ተመታ፣ ከዚያ በሌላ ሳንቲም ተተካ፣ አለቀ። ግን አላለቀም። የእንግሊዝ ባለፀጎች የዘር ፈረስ በጨረታ ሲሸጡ እስከ ዛሬ በጊኒ የሚጫረቱበት ቤት አለ፤ አንድ ጊኒ አንድ ፓውንድ ከአምስት ሣንቲም ነው። «ሁለት ሺህ ጊኒ» የሚባለው የፈረስ ውድድርም ከ1809 ጀምሮ አለ። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች፣ ሻምፓኝ፣ ፈረስ፣ እና የአንድ የአፍሪካ ዳርቻ ስም። ማንም አያስታውሰውም።

ሳንቲሙ ወደ እኛም ቀረብ ብሏል። እንግሊዝኛው «ጊኒ» ወደ ዓረብኛ ገብቶ ግብፆችና ሱዳኖች ገንዘባቸውን የሚጠሩበት ቃል ሆነ። እኛ የግብፅ ፓውንድ የምንለውን ካይሮዎች «ጊኔ» ነው የሚሉት። ካይሮ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለችኝ። በድምፅ መልእክት ነው የምናወራው፤ ሌሊት ሥራ ስትጨርስ ትልክልኛለች፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ። ወሬዋ ሁሉ ጊኔ ነው። ለቤት ኪራይ ይህን ያህል ጊኔ፣ ለስልክ ካርድ ይህን ያህል ጊኔ። እኔም የታሪክ ፍቅሬ ተነሥቶብኝ ስለ ወርቁ፣ ስለ ዝሆኗ፣ ስለ ኩባንያው አራት ደቂቃ የሚፈጅ መልእክት ላክሁላት።

መልሷ አጭር ነበር፦ «አንቺ ልጅ፣ የወርቁን ትተሽ የመውደቁን ጻፊ።»

እውነቷን ነው። በመጋቢት 2024 ግብፅ የገንዘቧን ምንዛሪ ስትለቀው በአንድ ቀን አንድ ዶላር ከ31 ጊኔ አካባቢ ወደ 50 ገደማ ተተኮሰ። የእሷ ደመወዝ ግን ያው ነው። ለእናቷ የምትልከው ብር በቀጣዩ ወር ጎደለ። የአፍሪካ ወርቅ ስም የያዘ ገንዘብ የአፍሪካ ልጅ እጅ ላይ ሲቀልጥ… ይህን ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው ስል እሷ የምትስቅብኝ መሰለኝና ተውኩት።

እንስሳቱን በፍጥነት ልለፋቸው፤ አስቂኝ ናቸው፣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቀልድ ናቸው። ጅግራን ፈረንጆቹ የጊኒ ወፍ ይሏታል። ጅግራ ግን እዚህ እኛ ቆላ ውስጥ ስትሮጥ የምትውል ወፍ ናት፤ ጊኒ ድረስ መሄድ አላስፈለጋትም። እነሱ ከመርከባቸው ያወረዷት ከዚያ ዳርቻ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ደግሞ በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ስትመጣ «የቱርክ ዶሮ» ይሏት ነበር፤ በኋላ ያን ስም ወስደው ለአሜሪካው ትልቅ ወፍ ሰጡትና ተርኪ ሆኖ ቀረ። ቱርኮቹ በተራቸው ያንኑ ወፍ የሕንድ ይሉታል። የጊኒ አሳማ የሚባለው፣ ሰው ላይ ሙከራ ሲደረግ «እንደ ጊኒ ፒግ አደረጉን» የምንልበት፣ አሳማም አይደለም፣ ከጊኒም አይደለም። የደቡብ አሜሪካ ተራሮች እንስሳ ነው፤ ፔሩዎች ኩይ ብለው ሲያረቡት ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ኒው ጊኒም እንዲሁ ናት። በ1545 ኦርቲዝ ዴ ሬቴዝ የተባለ ስፔናዊ መርከበኛ በደሴቲቱ በኩል ሲያልፍ ሰዎቹ የጊኒ ሰዎችን መሰሉትና «አዲሲቱ ጊኒ» አላት። በቃ፤ መልክ ተመሳሰለው። በምሥራቁ አጋማሽ ያለችው አገር በ1975 ነፃ ስትወጣ ስሙን ፓፑዋ ከሚለው ጋር አድርጋ ያዘችው።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወጥ ቤት ልግባ፤ አንድ ነገር ደስ ብሎኛል። ያ «የፍሬ ዳርቻ» ስሙን ያገኘበት መለጌታ የሚባለው ቅመም፣ አውሮጳውያን «የገነት ፍሬ» እያሉ በውድ ዋጋ የገዙት፣ «የጊኒ ቁንዶ በርበሬ»ም ያሉት፣ የቅርብ ዘመዱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኮረሪማ። እናቴ ለበርበሬና ለቅቤ የምትወቅጠው፣ ቡና ላይ ጣል የሚደረገው ኮረሪማ። አንድ ወገን ናቸው፤ የሳይንስ ስማቸው የመጀመሪያው ቃል አንድ ነው፣ አፍራሞሙም። ልዩነቱ ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። የእኛው በሳይንሱ መዝገብ የተመዘገበው «ኮረሪማ» ተብሎ ነው። ባለቤቶቹ እንደሚጠሩት። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ሁሉ የጊኒ ዝርዝር በኋላ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ «እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ የጠየቀ መሰለኝ።

እኛስ የጊኒን ስም ምን አደረግንበት? ካሳንችስ አካባቢ ጊኒ ኮናክሪ የሚባል ጎዳና አለ። አዲስ አበቤ ጎዳና በስሙ ስለማይጠራ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አልፋችሁበታል። (ካሳንችስ ራሷ ከጣሊያኖች የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ስም፣ ከካዛ ኢንቺስ፣ የመጣች ናት፤ እሷንም የራሳችን አድርገናታል።) ጊኒ ለአዲስ አበባ የሰጠችው ግን የጎዳና ስም ብቻ አይደለም። ከ1964 እስከ 1972 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆኖ እዚሁ ከተማ የሠራው ዲያሎ ቴሊ የጊኒ ሰው ነበር። ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገባ፣ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። በ1976 በዚያው «አይሆንም» ባይ ሴኩ ቱሬ ትእዛዝ ታሰረ፣ በ1977 ካምፕ ቧሮ በሚባለው እስር ቤት ምግብና ውኃ ተከልክሎ ሞተ። ጊኒ ከመርከብ ላይ አንድ መስመር ናት። ቀረብ ሲሉ እንዲህ ዓይነት ነገር አለባት፤ እንደማንኛውም አገር።

አሁን ትሉ።

ጋምቤላ ክልል በጤና ሥራ ላይ የተሰማሩ አጎት አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ስለ ጊኒ ስም እየቆጠርኩ መሆኔን ለእናቴ ስነግራት «ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው በሱ አይደል እንዴ፣ ለምን አትደውዪለትም?» አለችኝ። ደወልኩ።

የጊኒ ዎርምን ነገር ጋሼ እንደሚያስረዱት ላስረዳችሁ። ሰውየው ከኩሬ ውኃ ይጠጣል። ውኃው ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ እነሱ ውስጥ የትሉ እጭ አለ። ለአንድ ዓመት ያህል ምንም አይሰማውም። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ይፈነዳል፤ አንድ ሜትር ሊደርስ የሚችል ነጭ ክር የመሰለ ትል ብቅ ይላል። ሰውየው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን ኩሬው ውስጥ ይነክራል። ትሏ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው፤ እጮቿን ውኃው ውስጥ ትረጫለች፣ ዙሩ እንደገና ይጀመራል። መድኃኒት የለውም። ክትባት የለውም። ያለው መንገድ ትሉን ትንሽ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀስ እያሉ ማውጣት ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ቢጎትቱትና ቢበጠስ ሌላ መከራ ነው። ያ ሰው በእነዚያ ሳምንታት እርሻ አይወጣም፤ ልጅ ከሆነ ትምህርት ቤት አይሄድም።

በ1986 በዓለም ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው ይይዝ ነበር። በ2024 የተገኙት ታማሚዎች 15 ብቻ ናቸው፤ ዘጠኙ ቻድ፣ ስድስቱ ደቡብ ሱዳን። ይህን ያመጣው መርፌ አይደለም። ውኃ ማጥለያ ጨርቅ፣ ኩሬ ላይ የሚጨመር መድኃኒት፣ እና እንደ ጋሼ ያሉ በእግራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ «እግርህን ኩሬ ውስጥ አትንከር» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ዘመቻውን ለአሥርት ዓመታት የመራው ድርጅት መሥራች ጂሚ ካርተር የመጨረሻው ትል ከእሳቸው በፊት እንዲሞት ይመኙ ነበር። በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ዐረፉ። ትሉ ቀደም ብሎ አልሞተላቸውም።

እኛ አገር በ2023 እና በ2024 በሰው ላይ አልተገኘም። ጋሼን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብላቸው አልተቀበሉኝም።

«ዜሮ ማለት አለቀ ማለት አይደለም» አሉኝ። «አቦቦና ጎግ ወረዳ ውሻው ላይ አለ፣ ዝንጀሮው ላይ አለ። ውሻውን ታስሪዋለሽ፤ ዝንጀሮን ምን ታደርጊዋለሽ? ደግሞ በ2017 የሆነውን ረሳሽው?»

አላውቀውም ነበርና ነገሩኝ። በዚያ ዓመት በኦሮሚያ ክልል አንድ የእርሻ ልማት ላይ ለጉልበት ሥራ የሄዱ ሰዎች ያልተጣራ የኩሬ ውኃ ጠጡ፤ 15 ሰው ታመመ። አገሪቱ ከዚያ በፊት ወደ መጨረሻው ተጠግታ ነበር። የሰው እህል ሊያጭዱ የሄዱ የቀን ሠራተኞች፣ የሚጠጣ ውኃ ያላዘጋጀላቸው እርሻ። በሽታው የሚኖረው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ንጹሕ ውኃ የሌለበት ቦታ።

ስሙ ግን ጊኒ ነው። አውሮጳውያን መንገደኞች በዚያ ዳርቻ ባዩአቸው ሰዎች ላይ ስላገኙት የዳርቻውን ስም ሰጡት፣ ተጣበቀ። ነገር ግን ያን ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሰው ይይዝ በነበረበት ጊዜ በሽታው አለባቸው ተብለው የተቆጠሩት 21 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ጊኒ የምትባል አንዲትም አገር የለችም። ኮናክሪም፣ ቢሳውም፣ ኢኳቶሪያልም የሉም። ኢትዮጵያ አለች። ሕንድና ፓኪስታንም ነበሩ። ዛሬ የጊኒ ልጅ ውጭ አገር ሄዶ የአገሩን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ወይ ትል ይመጣበታል ወይ የቤተ ሙከራ እንስሳ። የሚያስቀይመኝ ያልኳችሁ ይህ ነው፦ ወርቁ ሄዷል፣ ሳንቲሙ ፈረስ ይገዛል፣ ዳርቻው ላይ የቀረው ስም የሌሎች ሰዎች በሽታ ስም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ለአዳዲስ የሰው በሽታዎች የቦታ ስም እንዳይሰጥ መመሪያ አውጥቷል። መልካም ነው፤ ለድሮዎቹ ግን አይሠራም። ያ ዓመት ለጊኒ ክፉ ዓመት ነበር፤ ኢቦላ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ተነሥቶ ጎረቤቶቿን አዳርሶ ነበር። የ2015ን የአፍሪካ ዋንጫ ልታዘጋጅ የነበረችው ሞሮኮ ኢቦላን ፈርቼአለሁ ይራዘምልኝ አለች። ያለማራዘም ተወስኖ ውድድሩን ማን ተቀበለው? ኢኳቶሪያል ጊኒ። ጊኒም ሄዳ በጊኒ ምድር ተጫወተች፤ ከማሊ ጋር በሁሉም ነገር እኩል ሆና በዕጣ አለፈች፤ ቀጥሎ በጋና፣ በድሮዋ የወርቅ ዳርቻ፣ ሦስት ለባዶ ተሸነፈች። የዚያን ጊዜ «የትኛዋ ጊኒ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ነገር ባወቀ ነበር። አንዷ በሽታ ላይ ናት፣ አንዷ አስተናጋጅ ናት።

ለጋሼ ይህንን ሁሉ በስልክ ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ስሚ እንጂ» አሉ። «ጊኒ ውስጥ ከሌለ ሌላ ስም የለውም?»

«አለው ጋሼ። ሳይንሱ የመዲና ትል ነው የሚለው። ሊኒየስ የሚባል ሰው ነው በ1758 ያወጣለት።»

«መዲና? የሳዑዲዋ?»

«አዎ፣ እሷው።»

ሳቃቸው ስልኩን አንቀጠቀጠው። «ታዲያ ይህ ትል ስንት አገር ዞሮ ነው አቦቦ የገባው!» አሉ። ከዚያ ከኋላቸው ሰው ሲጠራቸው ሰማሁ፤ ታስሮ የነበረ አንድ ውሻ ገመዱን በጥሶ ወደ ኩሬው ሄዷል መሰለኝ። «ቆይ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብለው ዘጉት።